ጎተራ፣ ፊደልና የልጅ ማዕድ፦ በኢትዮጵያ የቤተሰብ አመጋገብ ታሪክ

በኢትዮጵያ አንድ ቤተሰብ ምን እንደሚበላና ልጆቹ እንዴት እንደሚያድጉ የሚወስነው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ ድህነት ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ያልተሟላ ነው፤ ምክንያቱም በሀገሪቱ ታሪክ ውስጥ ጎተራው የሞላና በረቱ በከብት የተጨናነቀ ቤት ልጁን በሚገባ ሳይመግብ የቀረበት፣ ጥቂት እህል ያላት እናትም ያንኑ ጥቂት በብልሃት ከፋፍላ ልጆቿን ያሳደገችበት ጊዜ ብዙ ነው። ሀብት ወደ ቤት የሚገባውን እህል መጠንና ዓይነት ይወስናል፤ የገባው እህል ለማን፣ መቼና በምን መልክ እንደሚቀርብ የሚወስኑት ግን እውቀት፣ ልማድና በቤቱ ውስጥ ያለው የሥልጣን ተዋረድ ናቸው። ስለዚህ የቤተሰብ አመጋገብን ታሪክ ለመረዳት ከመሬትና ከእርሻ ታሪክ ጎን የትምህርትን፣ ይልቁንም የሴቶችን ትምህርት ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል።

ትምህርትና ሀብት የተሳሰሩ መሆናቸውን በአማርኛ ቀድመው ከጻፉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በጎልማሳነታቸው ያረፉትና ዋና ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 የታተመላቸው እኚህ ሊቅ፣ አንድ ሕዝብ ከድካሙ የሚያገኘው ፍሬ በእውቀቱ ልክ መሆኑንና እውቀት የጎደለው ሕዝብ ደክሞ ያፈራውን ሌላው እንደሚወስድበት አጥብቀው ተከራክረዋል። የእርሳቸው ዓይን ያረፈው በሀገር ሀብት ላይ እንጂ በማጀት ላይ አልነበረም፤ ሆኖም ክርክራቸው ወደ አንድ ጎጆ ደጃፍ ቢወርድ የሚያነሣው ጥያቄ ያው ነው፤ በቤቱ ያለው ሀብት በቤቱ ላለው ሰው ጉልበትና ጤና የሚሆነው በምን እውቀት አማካይነት ነው?

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ የነበረው ማዕድ የማኅበረሰቡን ተዋረድ በግልጽ ያሳይ ነበር። ነጭ ጤፍ፣ ከነጩም ይልቅ ማኛ የሚባለው ምርጥ ዘር፣ የመኳንንትና የባለጸጎች እንጀራ ሲሆን፣ ጥቁር ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ገብስ የአራሹ፣ የወታደሩና የአገልጋዩ ድርሻ ነበሩ። ነገሥታትና መኳንንት ለሠራዊታቸውና ለተከታዮቻቸው በሚያበሉት ታላቅ ግብዣ፣ ማለትም በግብር ላይ፣ እንግዶች በማዕረጋቸው ተራ ይቀመጡ ነበር፤ ለፊተኞቹ ብርንዶ፣ ማለትም ከታረደው በሬ ወዲያው የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ፣ ከጠጅ ጋር ሲቀርብላቸው፣ በኋላ ተራ ለሚገቡት የሚደርሰው እየቀጠነ የሚሄድ ወጥ፣ እየጠቆረ የሚሄድ እንጀራና ጠላ ነበር። የሥጋ ብዛት የክብር መለኪያ በመሆኑም ጎመንና ሥራ ሥር የችግር ምግብ ተደርገው ተቆጠሩ፤ «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ራሱ ጎመንን ሰው ሌላ ሲያጣ የሚታገሠው ነገር አድርጎ ያየዋል። ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለልጅ ዓይንና ለእናት ደም እጅግ የሚፈልጉት አረንጓዴ ቅጠል በባለጸጋው ገበታ ዳር እንኳ ቦታ ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

የባለጸጋው ማዕድ የራሱ በሽታ ነበረው። ጥሬ ሥጋ መብላት የኮሶ ትልን ከሰው ሆድ ጋር ስላላመደው፣ ከኮሶ ዛፍ አበባ የሚዘጋጀውን መራራ መድኃኒት በየሁለት ወሩ ገደማ መጠጣት የተለመደ የጤና ሥርዓት ሆኖ ኖሯል። ይህ ልማድ ሀብት ብዙ ሥጋ እንዳመጣና ከሥጋው ጋር የመጣውን ጉዳት የሚያስቀር እውቀት ግን ከሀብቱ ጋር እንዳልመጣ ያስረዳል። በዚያ ዘመን የነበረው እውቀት በሽታውን በየጊዜው የሚያጥብ እንጂ ከመነሻው የሚያስቀር አልነበረም።

ከአዳራሹ ወደ አራሹ ቤት ሲወረድ ጉዳዩ ከጣዕም ወደ ሕልውና ይለወጣል። በተለይ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በደቡቡ የሀገሪቱ ክፍል በሰፋው የጭሰኝነት ሥርዓት፣ የእኩል፣ የሲሶ ወይም የእርቦ አራሽ የሆነው ገበሬ ከምርቱ ግማሹን፣ ሲሶውን ወይም ሩቡን ለባለመሬቱ ካስረከበ በኋላ የሚተርፈውን ለዘር፣ ለግብርና ለቤተሰቡ ምግብ ያካፍል ነበር። በመኸር ወራት ቤቱ እንጀራና ወጥ ይበላል፤ ክረምቱ ሲገባና ጎተራው ሲጎድል ማዕዱ ወደ ንፍሮ፣ ወደ ቆሎና ወደ ቂጣ ይወርዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ይህ የችግር ወቅት እርሻው ብዙ ጉልበት ከሚጠይቅበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም፣ ምግብ በጎደለበት ወቅት እናት ከማለዳ እስከ ምሽት በአረምና በጉልጓሎ ላይ ትውላለች፤ ጡት የሚጠባውም ሕፃን በእኅቱ ጀርባ ላይ ይውላል። አራሹን በሥርዓት የሚያየው ጥናት፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ስለነበረው የገጠር ተጋላጭነት የጻፉት መጽሐፍ ጭምር፣ ረኃብን ከዝናብ እጥረት ይልቅ ገበሬው ጥሪት እንዳይይዝ ካደረገው ሥርዓት ጋር ማያያዙ ተገቢ ነው።

ሆኖም በአራሹም ሆነ በባለጸጋው ቤት ውስጥ ሌላ ተዋረድ ነበር። አባትና እንግዳ አስቀድመው ይበላሉ፤ ልጆች በአክብሮት ቆመው ያስተናግዳሉ፤ ከገበታው የተነሣው ለእናትና ለልጆች ይደርሳል። ሥርዓቱ ጨዋነትን የሚያስተምርና ለሽማግሌ የሚገባውን ክብር የሚጠብቅ ቢሆንም፣ በሥነ ምግብ ዓይን ሲታይ ሥጋው፣ ዕንቁላሉና ቅቤው ገና በማደግ ላይ ወዳለው አካል ከመድረሱ በፊት የሚያልቅበት ሥርዓት ነበር። በብዙ አካባቢ እርጉዝ ሴት ፅንሱ ገዝፎ ምጥ እንዳይከብዳት ምግቧን እንድትቀንስ ትመከር ነበር፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ወፍራምና ቢጫ ወተት፣ እንገር የሚባለው፣ ለሕፃኑ እንደማይበጅ ታምኖ ይታለብና ይደፋል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ወይም የአብሽ ውኃ ይቀመስለታል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮች የታመቁበት የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ባለጸጋዋም ድኻዋም እኩል ይደፉት ስለነበር፣ ይህ ልማድ ሀብት ፈጽሞ ያልነካው፣ ሊነካውም የማይችለው ጉዳይ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልማድ ድንቁርና መስጠት ግን በደል ይሆናል፤ ምክንያቱም ያው ማጀት እጅግ የረቀቀ እውቀት የሚተላለፍበት ቦታ ነበር። ባልትና ተብሎ የሚጠራው ይህ እውቀት፣ ማለትም እህልን የማበጠር፣ የማቡካት፣ የመቀመምና የማቆየት ጥበብ፣ ከእናት ወደ ልጅ በሥራ የሚተላለፍ ሙሉ ትምህርት ነው። ሊጡ ለቀናት እንዲቦካ ማድረግ በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አካል በተሻለ ሁኔታ እንዲወስደው ያደርጋል፤ ሽሮ ውስጥ ሽንብራን፣ አተርንና ባቄላን መቀላቀል ከእንጀራው ጋር ተዳምሮ የፕሮቲን ጥራትን ያሻሽላል፤ ለአራስ የሚቀርበው ገንፎ በቅቤ መሞላቱ ደግሞ ከወሊድ የተነሣችን ሴት ጉልበት የሚመልስ ነው። ባልትና ግን ልዩነትንም ይዞ ይኖር ነበር። ከደርዘን በላይ ቅመም የሚገባበትን በርበሬ፣ ምንቸት አብሹንና ዶሮ ወጡን በሙሉ ሥርዓቱ ለመማር ቅመሙ፣ ቅቤውና ዶሮው በቤት ሊኖሩ ይገባልና፣ የባለጸጋ ልጅ የምትማረው ባልትናና የድኻ ልጅ የምትማረው ባልትና አንድ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ጥበብ ትኩረቱን ያደረገው በአዋቂው ገበታ ላይ ነበር፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላለ ሕፃን ተብሎ ተለይቶ የሚሠራ፣ በይዘቱ የበለጸገ ምግብ በአብዛኛው ቤት አልዳበረም፤ ሕፃኑ ከቀጭን አጥሚት ወይም በወጥ ከራሰ እንጀራ ጋር ይተዋወቅ ነበር።

በአንጻሩ ፊደል የሚቆጠርበት ትምህርት ከማጀት እጅግ የራቀ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ፣ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ አልፎ አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ታላቅ ሥርዓት ቢሆንም፣ የተማሪው ሕይወት ራሱ የረኃብ ሕይወት ነበር። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ በሚለምነው ቁራሽ ይኖራል፤ ለእርሱ ትምህርት ሥጋን የመግዛትና ምቾትን የመናቅ ልምምድ ጭምር ነበር። ከጥቂት የመኳንንት ልጆችና መነኮሳይያት በስተቀር ሴቶች ወደዚህ ትምህርት አይገቡም፤ ስለዚህ ሀገሪቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ያካበተችው የጽሕፈት እውቀት ምግብ ከሚያበስለው እጅ ጋር ሳይገናኝ ኖረ። ይህ መለያየት ከማንኛውም ድርቅ ያልተናነሰ ውጤት እንደነበረው መናገር ማጋነን አይሆንም።

ሁለቱ የተገናኙበት አንድ ትልቅ መስክ ጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ይታቀባሉ። ጾም የደጋውን ማዕድ በጥራጥሬ፣ በኑግ፣ በሱፍና በተልባ አበልጽጎታል፤ ለድኻውም ቤት ሥጋ ያጣበትን ቀን ከባለጸጋው ጋር እኩል የሚያደርግ የክብር መሸሸጊያ ሆኖታል። ሥርዓቱ ሕፃናትን አያስገድድም፤ በተግባር ግን በጾም ወራት ድስቱና ማንኪያው የፍስክ እንዳይነካው ሲባል ለልጅ ብቻ ተብሎ ወተትና ዕንቁላል የሚሠራበት ቤት ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ላም ያላት እናት ልጅ ላም ከሌላት እናት ልጅ የማይሻልበት ወቅት በዓመት ውስጥ ረጅም ይሆናል። በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ሥጋ ለድኻውም ቤት የሚገባበት መንገድ ቅርጫ ነው፤ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ያርዱና ሥጋውን በዕጣ ይካፈላሉ፤ በዚህ ሥርዓት ብቻውን አንድ ኪሎ ሥጋ የማይገዛ ቤት ከጉበቱም፣ ከአጥንቱም፣ ከቀዩም ድርሻ ያገኛል።

የሀብትን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳየው ግን ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ታላቅ ረኃብ ነው። ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት ቸነፈር አብዛኛውን የቀንድ ከብት ሲጨርስ፣ አራሹ ማረሻውን የሚጎትትለት በሬ፣ ልጆቹም የሚጠጡት ወተት በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ዳግማዊ ምኒልክ ሰው በሬ ቢያጣ በዶማ እየቆፈረ እንዲዘራ በራሳቸው እጅ ቆፍረው እንዳሳዩ ይነገራል። በዚያ መከራ ሰው ቀድሞ የሚጸየፈውን የፈረስና የአህያ ሥጋ ሳይቀር ለመብላት ተገደደ። ለቤተሰብ አመጋገብ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት በሬ በኢትዮጵያ ደጋ ከሁሉ በፊት የእርሻ ኃይል፣ የጥሪትና የዋስትና መልክ መሆኑ ነው፤ በሬ ያለቀበት ቤት ምግቡንም የነገውን ምግብ ማፍሪያም አብሮ አጣ፤ ያን ጥሪት ዳግም ለማቆም ብዙ ቤተሰቦች ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ዘመናዊ ትምህርት በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለው። ሁለቱም የተቋቋሙት ለወንዶች ነው፤ ዓላማቸውም አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና አስተዳዳሪ ማፍራት ነበር። ለሴቶች ልጆች እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው ፊደልንና የቤት ሙያን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘው። የቤት ሙያ ትምህርት፣ ማለትም ምግብ ማዘጋጀትን፣ ንጽሕናን፣ ስፌትንና ሕፃን መንከባከብን በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ዘርፍ፣ በኋላ ብዙ ጊዜ ሴቶችን በማጀት ለመገደብ የተነደፈ ነው ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱም እውነት አለው። ይሁንና ትምህርቱ የደረሳቸው በአብዛኛው የመኳንንትና የከተማ ባለሥልጣናት ልጆች መሆናቸው የከበደው ጉድለት ነው፤ ትምህርት ሀብት ወዳለበት ቤት ሄደ፣ የበለጠ ያስፈልገው የነበረው ቤት ግን ለተጨማሪ አርባ ዓመታት ጠበቀ።

የሀገሪቱ አመጋገብ በሳይንሳዊ መንገድ በስፋት የተጠናው እ.ኤ.አ. በ1958 ከአሜሪካ በመጣ የሥነ ምግብ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ጋር በተደረገ ቅኝት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። የእነዚህ ዓመታት ምርምር ከግኝቶቹ አንዱ እጅግ አስገራሚ ነበር፤ ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር እንዳጠኑት፣ ጤፍ የሚበላው ሕዝብ በምግቡ የሚያገኘው የብረት መጠን በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነበር፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ የሚቀላቀለው አፈር ነው። ብረቱ ከአፈር ስለሆነ አካል የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ቢሆንም፣ ባለጸጋው አበጥሮና አጥርቶ የሚጥለው ነገር ውስጥ ጥቅም ሊኖር መቻሉ የክብርና የጥቅም መለኪያዎች ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ያስገነዝባል።

የኢንስቲትዩቱ ትልቁ ሥራ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ነው። ከስንዴ፣ ከአኩሪ አተርና ከሽንብራ ዱቄት፣ ከደረቅ ወተት፣ ከስኳር፣ ከቪታሚኖችና ከማዕድናት የተቀመመው ይህ ምግብ ጡት ከመጥባት ወደ ቤተሰብ ምግብ በሚሸጋገርበት ጊዜ ሕፃኑን ከሁለት ከባድ በሽታዎች ለማዳን ታስቦ የተሠራ ነው፤ አንደኛው ከጠቅላላ የምግብ እጦት የሚመጣውና ሕፃኑን አጥንቱ እስኪወጣ የሚያከሳው ማራስመስ፣ ሁለተኛው እግርና ፊት አሳብጦ ፀጉርን የሚያሳሳው ክዋሺዮርኮር ነው። ፋፋ በሀገር ውስጥ እህል በሀገር ውስጥ መመረቱና ዋጋው ከውጭ ከሚገባው የሕፃን ዱቄት ወተት እጅግ ዝቅ እንዲል መደረጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ገንዘብ በእጁ የማይዞርበት የገጠር ቤተሰብ ርካሹንም መግዛት አይችልም፤ የሸቀጥ መንገድ ባልደረሰበት መንደርም ፋፋ አይደርስም። ስለዚህ ምግቡን በብዛት የተጠቀመበት ደመወዝ የሚያገኘው፣ መለያ ጽሑፉን የሚያነበውና ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው የከተማ ቤተሰብ ሆነ። በኋላ እናቶች በቤታቸው ካለው እህልና ጥራጥሬ ተመሳሳይ ድብልቅ እንዲያዘጋጁ ማስተማር የተጀመረው ከዚህ ልምድ በመነሣት ሲሆን፣ ከተቋሙ ሥራዎች ሁሉ ዘላቂው ይህ ነው ለማለት ያስደፍራል። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ከጤና ምርምር ተቋም ጋር ተዋሕዶ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ውስጥ ይገኛል።

በዚያው ከተማ ሀብትና ትምህርት ተቃራኒ ውጤት ያመጡበትም ጊዜ ነበር። ደመወዝተኛዋ እናት ልጇን ቤት ትታ ወደ ሥራ ስትሄድ ጡጦና የቆርቆሮ ወተት የሥልጣኔ ምልክት ሆነው ገቡ። ወተቱን በትክክል በጥብጣ፣ ጡጦውን ቀቅላ ለምታጠባ ባለጸጋ እናት ጉዳቱ አነስተኛ ነበር፤ እርሷን አይታ ያንኑ ወተት ለማብቃቃት አቅጥና፣ ባልተፈላ ውኃ በጥብጣ ለምትሰጥ ድኻ እናት ግን ውጤቱ ተቅማጥና ክሳት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሣዊው ሥርዓት ሲወድቅ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው አዋቂ ከመቶ ሰባት ገደማ ብቻ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር አራሹ ያመረተውን ለራሱ ቤት ማስቀረት ቻለ፤ ብዙ ቤተሰቦች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሻለ እንደበሉ ይነገራል፤ በኋላ ግን ለመንግሥት በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጠው የእህል ኮታ፣ ጦርነትና የግዴታ ሰፈራ ያን ጥቅም መልሰው ወሰዱት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በየቀበሌው እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘውም በዚህ ስፋቱ ነው። የዘመቻው ፍሬ ብዙ ጊዜ በተሰጡት የምስክር ወረቀቶች ብዛት ቢለካም፣ ትልቅ ሰው፣ ያውም ባለትዳር ሴት፣ ተማሪ ልትሆን እንደምትችል በገጠር ማሳየቱ ከቁጥሩ ይበልጣል።

የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ግን ፊደል ያለ ጥሪት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ በመራራ መንገድ አረጋገጠ። ጓያ የዚህ ማስረጃ ነው። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚተርፍ ጥራጥሬ ሲሆን፣ ለተከታታይ ወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት በሽታው በድኻ ገበሬዎች ላይ እንደሚበረታ አሳይተዋል። ገበሬው የጓያን ጉዳት ያውቃል፤ እህሉን በመዘፍዘፍ፣ ውኃውን በመድፋትና ከሌላ እህል ጋር በመቀላቀል መርዙን የመቀነስ ብልሃትም አለው፤ ችግር ሲጠና ግን የሚቀላቅለው እህል አይኖረውም። እዚህ ላይ እውቀቱ ነበረ፤ የጎደለው ሀብቱ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ የተካሄዱት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እነዚህን ሁለት ኃይሎች ለይቶ ለማየት የሚያስችል መረጃ ሰጥተዋል። የመጀመሪያው ጥናት ሲካሄድ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ መቀንጨር ማለት በረጅም ጊዜ የምግብ ጉድለትና ተደጋጋሚ ሕመም ምክንያት ለዕድሜ የሚመጥን ቁመት አለማግኘት ነው። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 51፣ በ2011 ወደ 44፣ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወረደ። በ2016ቱ ጥናት ምንም ትምህርት ካልተማሩ እናቶች ልጆች 42 በመቶ ገደማ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማሩት እናቶች ልጆች ግን 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቤተሰቦች በሀብታቸው በአምስት እኩል ደረጃዎች ሲከፈሉ ደግሞ በድኻው ደረጃ 45 በመቶ፣ በባለጸጋው ደረጃ 26 በመቶ ሕፃናት ቀንጭረዋል። ሁለቱ ልዩነቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ፤ በሀገሪቱ እጅግ ሀብታም በሚባለው አምስተኛ ክፍል ውስጥ እንኳ ከአራት ልጆች አንዱ ቀንጭሯል። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት በዓይነቱም በድግግሞሹም በቂ የሆነ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲጨመር፣ ጉዳዩ የእህል መኖርና አለመኖር ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

ከክልሎች ንጽጽርም የሚታየው ይኸው ነው። በዚያው ጥናት ትርፍ አምራች የጤፍና የጥራጥሬ ወረዳዎችን የያዘው የአማራ ክልል 46 በመቶ የመቀንጨር መጠን ሲመዘገብበት፣ ደረቅና አርብቶ አደር የሆነው የሶማሌ ክልል 27 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ያለ ጥንቃቄ መተርጎም አይገባም፤ በሶማሌ ክልል በድንገተኛ የምግብ እጦት የሚመጣው መክሳት ከሌሎች ክልሎች ሁሉ የከፋ ነበርና። ሆኖም በአርብቶ አደሩ ቤት ወተት በየዕለቱ ለልጅ የሚደርስ ምግብ ሲሆን፣ በደጋው ቤት ዕንቁላሉም ቅቤውም ከልጁ አፍ በፊት ገበያ ይወጣሉ። ገበሬዋ ዕንቁላል ሸጣ ጨው፣ ጋዝ፣ ሳሙናና የልጇን ደብተር ትገዛለች፤ ውሳኔዋ በእጇ ገንዘብ የሚገባበት ሌላ መንገድ ከሌላት ሴት የሚጠበቅ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ዕንቁላሉን ለልጅሽ አብዪ ማለት ብቻ በቂ ያልሆነውም ስለዚህ ነው፤ ጥቂት ተጨማሪ ዶሮዎችና ከእጇ የማይወጣ ጥቂት ገንዘብ ከምክሩ ጋር ሲደርሷት ግን ምክሩ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ሲመደቡና ቁጥራቸው ከ30,000 ሲበልጥ፣ የተማረች ሴት በገጠሩ ማጀት ገብታ ስለ እንገር፣ ስለ እርግዝና ምግብና ስለ ሕፃን ገንፎ በእናቲቱ ቋንቋ የምትናገርበት ዘመን መጣ። ገንፎው ባቄላ ወይም ሽንብራ፣ የተከተፈ ጎመን፣ ካሮትና ዕንቁላል እንዲገባበት በጎረቤት መካከል ተሠርቶ ይታያል። ይህ በመሠረቱ ባልትናን በባልትና ማስተማር ነው፤ ኃይሉም ከዚያ የመጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ ጉድለት እስከ 2030 ለማስወገድ ሲነሣ ከሚመካባቸው መዋቅሮች ዋነኛው ይህ ነበር፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አጭር ጥናት መቀንጨር 37 በመቶ ላይ መገኘቱ ፍጥነቱ እንደ ቀደሙት ዓመታት እንዳልቀጠለ ያሳያል።

የዝግታው አንድ ምክንያት ትምህርትና ሀብት ሥራቸውን የሚሠሩት በአንድ ትውልድ ውስጥ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 75 በመቶው ምንም ትምህርት አልነበራቸውም፤ በ2016 ይህ ቁጥር 48 በመቶ ሆነ። ትምህርት ቤት የምትቆይ ልጅ ጋብቻዋ ይዘገያል፤ አካሏ እድገቱን ሳይጨርስ ማርገዝ የእናትንም የፅንስንም ድርሻ የሚያሳጣ በመሆኑ፣ የ2016ቱ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቀንጭራ ያደገች ሴት ደግሞ ራሷ በቂ ምግብ ባገኘችበት ዘመን እንኳ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ቁመቱ የሚለካ ሕፃን የሚያሳየው ቁጥር የእናቱን ጎተራና ደብተር፣ ከእርሷም ቀደም ብሎ በ1977 ዓ.ም. ገደማ ልጅ ታሳድግ የነበረችውን የአያቱን ማዕድ ጭምር በውስጡ የያዘ ነው።